ስለ ኖርማን ማክላረን የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰሞኑን አንድ የድሮ አጭር ፊልም አሳይቼ «ይሄ በካሜራ አልተቀረፀም፣ ድምፁም ሳይቀር በእጅ የተሳለ ነው» ብል የሚያምነኝ ጠፋ። ጥያቄው ሲበዛ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ተቀመጥኩ። የፊልሙ ባለቤት ኖርማን ማክላረን ይባላል። ሥራዎቹን ለዓመታት እየደጋገምኩ አይቻቸዋለሁ፤ አንዳንዱንማ ፍሬም በፍሬም እያቆምኩ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ስሙንም ሰምቼ አላውቅም። ባጭሩ ማነው?

በ1914 ስኮትላንድ፣ ስተርሊንግ ከተማ ተወለደ። ግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ለንደን ሰራ፣ ኒው ዮርክ ሰራ፣ በ1941 ካናዳ ገባና እዚያው ቀረ፤ በ1987 አረፈ። የኦስካርም፣ የፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫልም ሽልማት አለው። አኒሜተሮች ስሙን የሚያነሱት ግን በሌላ ነገር ነው፤ አንድ ዘዴ ሲለምደው ይተወውና ለሚቀጥለው ፊልም ሌላ ይፈልጋል። ሰውየው ይሰለቸዋል መሰለኝ።

ጥያቄ፦ ካሜራ ሳይኖር እንዴት ነው ፊልም የሚሰራው? እስቲ እንደ ሕፃን አስረዳኝ።

እሺ። የድሮ ፊልም ረጅም ጥብጣብ ነው፤ ወርዱ 35 ሚሊሜትር። ላዩ ላይ ትንንሽ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ፍሬም ይባላል። ፕሮጀክተሩ በሰከንድ 24ቱን እየጎተተ ብርሃን ያሳልፍባቸዋል። በቃ ይኸው ነው። ፎቶ ይሁን፣ በብዕር የተሳለ ነገር ይሁን፣ የቡና ጠብታ ይሁን ፕሮጀክተሩ ምን ገዶት! ብርሃኑን አሳልፎ ግድግዳው ላይ ያወጣዋል።

ማክላረን ተማሪ እያለ ካሜራ አልነበረውም። ያረጀ ፊልም አገኘና ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ምስሉን የያዘውን ሽፋን እያሸ አጠበው። ጥብጣቡ እንደ መስታወት ግልጽ ሲሆንለት በቀለም ሳለበት። የአንዱ ፍሬም ስፋት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ታዲያ ፀጉር የምታህል ስህተት ግድግዳው ላይ ስትወጣ ገመድ ታክላለች፤ ሥዕሉም አንድ ቦታ መርጋት አቅቶት ይንቀጠቀጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ለመደበቅ ይደክም ነበር። እሱ በ1942 «ሄን ሆፕ» በተባለው ፊልሙ ዶሮ ስሎ በዚያው መንቀጥቀጥ አስጨፈራት። አንዴ እንቁላል፣ አንዴ እግር ብቻ፣ አንዴ ሙሉ ዶሮ ትሆናለች። ልጆች ይሞቱላታል።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ይህን ዘዴ የፈለሰፈው እሱ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ኒው ዚላንዳዊው ሌን ላይ በ1935 ጥብጣብ ላይ በቀጥታ የተሳለ «ከለር ቦክስ» የተባለ ፊልም ለእንግሊዝ ፖስታ ቤት የፊልም ክፍል ሰርቷል። ማክላረንም የሌን ላይን ውለታ ሸሽጎ አያውቅም። እሱ ዘዴውን ይዞ ማንም ያልደረሰበት ድረስ ሄደበት ብንል ይሻላል።

ጥያቄ፦ ድምፅንም ይስላል ብለሃል። እዚህ ላይ እንኳ እየቀለድክ መሆን አለበት።

አልቀለድኩም! እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ቀን አላመንኩም።

ጥብጣቡ ላይ ከፎቶዎቹ ጎን አንዲት ቀጭን መስመር አለች። ድምፁ ያለው እዚያች ላይ ነው፤ የተቀዳው በብርሃንና በጥላ ነው። ፕሮጀክተሩ ውስጥ ያለች ትንሽ አምፖል ታበራባታለች፣ ከወዲያ በኩል ያለው መሣሪያ የሚያልፈው ብርሃን ሲበዛና ሲያንስ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፣ ከዚያ ወደ ስፒከር። አንተ በዚያች መስመር ላይ በብዕር ጭረት ብታደርግ መሣሪያው እንደ ድምፅ ነው የሚያነበው። ጭረቶቹ ሲቀራረቡ ቀጭን ድምፅ፣ ሲራራቁ ወፍራም፤ ጭረቱ ሲተልቅ ጩኸቱ ይጨምራል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሙዚቀኞች መሣሪያ የሚቃኙበት «ላ» የሚባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። በሰከንድ 24 ፍሬም አለ። ስለዚህ በአንድ ፍሬም ርዝመት ውስጥ 18 ጭረት አካባቢ መደርደር አለብህ፤ የፍሬሙ ቁመት ደግሞ ሁለት ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ይሄን ለአንድ ሰከንድ ስትሰራ አይንህ ይጠፋል። በ1940 ኒው ዮርክ ውስጥ የሰራው «ዶትስ» ሥዕሉም ድምፁም እንዲህ በእጅ ነው። ከሙዚቃ ይልቅ ጠብ ጠብ የሚል፣ የሚንቋቋ ነገር ነው። ሲንተሳይዘር፣ በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥረው የሙዚቃ መሣሪያ፣ ገና በሱቅ ባልነበረበት ጊዜ መሆኑን አትርሱ።

ኋላ ላይ ቀለል ያለ መላ አገኘ። ለእያንዳንዱ የድምፅ ከፍታ አንድ አንድ ካርድ አዘጋጀ፤ ካርዱ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ተሰልፈዋል። የሚፈልገውን ካርድ እየመዘዘ በድምፁ መስመር ላይ ፎቶ ያነሳዋል። በ1971 «ሲንክሮሚ» ላይ ደግሞ እነዚያኑ መስመሮች ቀለም ቀብቶ ስክሪኑ ላይ አወጣቸው፤ የምትሰማው ነገር ራሱ ፊትህ ላይ ይዘላል። ይሄን በጆሮ ማዳመጫ እዩት።

ጥያቄ፦ ከዲዝኒ ጋር ሲነፃፀር?

አይነፃፀርም። አንዱ ፋብሪካ ነው፣ ሌላው ጓዳ።

ጥያቄ፦ ጓዳ ካልክ ገንዘቡን ማን ሰጠው? ማን ነው ነጠብጣብ ሲዘል ለማየት የሚከፍል?

መንግሥት! የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ደሞዝተኛ ነበር። ቦርዱን ያቋቋመው ጆን ግሪርሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ነው። ማክላረንን ገና ተማሪ ሳለ ነው አይቶ የወደደው፤ መጀመሪያ ለንደን ፖስታ ቤቱ የፊልም ክፍል አስገባው፣ በ1941 ደግሞ ካናዳ ጠራው። ጊዜው ጦርነት ነው። መንግሥት ሕዝቡን «ፖስታችሁን በጊዜ ላኩ»፣ «ለጦርነቱ ቦንድ ግዙ» ማለት ይፈልጋል። ማክላረን መልእክቱን መጨረሻ ላይ ጣል ያደርግና የቀረውን ደቂቃ እንዳሻው ይጫወትበታል። «ሄን ሆፕ» ራሷ የጦርነት ቦንድ ማስታወቂያ ናት ብላችሁ ታምናላችሁ?

ጥያቄ፦ ኦስካር ያገኘው በየትኛው ነው?

«ኔበርስ»፣ ጎረቤታሞቹ ማለት ነው፤ 1952። ወደ ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው። ታሪኩን ብነግራችሁ የፈረንጅ ታሪክ አይመስላችሁም። ሁለት ሰዎች በየቤታቸው ደጃፍ በሸራ ወንበር ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። መሀላቸው፣ ልክ ወሰኑ ላይ፣ አንዲት አበባ ትበቅላለች። ሁለቱም በመዓዛዋ ይሰክራሉ፣ ይዘላሉ፣ ይንሳፈፋሉ። ከዚያ «የእኔ ናት»፣ «የለም የእኔ ናት» ይመጣል። አጥር ይተከላል። አጥሩ ወዲህ ይሁን ወዲያ ተብሎ ቡጢ ይጀመራል። በወሰን ጠብ ስንት ዘመድ ከዘመዱ እንደተቆራረጠ የምናውቅ ሰዎች ስናየው መጀመሪያ እንስቃለን፣ በኋላ ዝም እንላለን። መጨረሻ ላይ አበባዋ ራሷ ተረጋግጣ ትሞታለች፣ ሁለቱም ይሞታሉ።

ዘዴው ፒክሲሌሽን ይባላል፤ ሰውን እንደ አሻንጉሊት አንድ አንድ ፎቶ እያነሱ ማንቀሳቀስ ነው። ቃሉን ያወጣው ከሁለቱ ተዋንያን አንዱ፣ ግራንት መንሮ ነው። ሰዎቹ ከሣሩ በላይ ቆመው ሲንሸራተቱ የምታዩት በገመድ አይደለም። ሰውየው ይዘላል፣ እግሩ አየር ላይ ሲሆን አንድ ፎቶ። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይዘላል፣ አንድ ፎቶ። ሲያያዝ የወረደበት ቅጽበት ስለሌለ የሚበር ይመስላል።

የሚያስቀው፣ ኦስካሩን ያገኘው በአጭር ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ነው። አንድም ዘገባ የለበትም እኮ! ማን እንዴት እዚያ እንደመደበው ግራ ይገባኛል።

ጥያቄ፦ ከ«ኔበርስ» የተቆረጠ ቦታ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሁለቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሚስትና ሕፃን የሚገድሉበት ቦታ አለ። ለአሜሪካ ተመልካች ይከብዳል ተብሎ ወጥቶ ነበር፤ በቬትናም ጦርነት ዘመን ነው የተመለሰው። ዛሬ የምታገኙት ሙሉው ነው፤ ከልጆች ጋር የምታዩ አስቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት። ሐሳቡ የመጣለት ከቻይና ከተመለሰ በኋላ ነው። በ1949 ዩኔስኮ ልኮት አንድ የገጠር አካባቢ ሠዓሊዎችን ስለ ጤና የሚያስተምር ሥዕልና አኒሜሽን ያሰለጥን ነበር፤ እዚያው እያለ ኮሚኒስት አብዮተኞቹ ገቡ። ካናዳ ተመልሶ ብዙ ሳይቆይ የኮሪያ ጦርነት ተነሳ። ሰውየው ጦርነት አዲሱ አልነበረም፤ በ1936ም ስፔን የእርስ በርስ ጦርነቱ ላይ ሄዶ ካሜራ ይዞ ነበር።

ጥያቄ፦ ኤቭሊን ላምባርት የምትባል ሴት አብራው ትሰራ ነበር ይባላል። ረዳቱ ናት?

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ «ረዳት» የምትለው ቃል በደለቻት። በ1949 «ቢጎን ዳል ኬር» የተባለውን ሁለቱ አብረው ነው የሰሩት። ሙዚቃው የጃዝ ፒያኒስቱ የኦስካር ፒተርሰን ነው። ሙዚቃው አስቀድሞ ተቀዳ፣ ከዚያ እሱን እየተከተሉ ቀለም አፈሰሱ። እዚህ ላይ ፍሬም የሚባለውን ነገር ትተውታል፤ ጥብጣቡን በረጅሙ ዘርግተው እንደ ጥለት ነው የቀቡት። እርጥብ ቀለም ላይ ጨርቅ ይጫናሉ፣ አሻራው ይቀራል። አቧራ ሲያርፍበትም ይሁን ብለው ተዉት፤ የአቧራው ቅንጣት ስክሪኑ ላይ ስትወጣ ታምራለች። መሀል ላይ ሙዚቃው ሲቀዘቅዝ ቀለሙ ሁሉ ይጠፋና ጥቁር ላይ ቀጭን ነጭ መስመሮች ብቻ ይርገበገባሉ። ላምባርት ከልጅነቷ ጀምሮ የመስማት ችግር ነበረባት። ይሄን እያወቁ ያቺን ቦታ ማየት ሌላ ነገር ነው። ኋላ ላይ በራሷ ስም ወረቀት እየቆረጠች የተረት ፊልሞች ሰርታለች፤ እነሱንም ፈልጊያቸው።

ጥያቄ፦ «ዋናው በፍሬሞቹ መሀል ያለው ነው» የሚለው አባባሉ ግራ አጋባኝ። በመሀል ምን አለ? ባዶ ነው እኮ።

ሁለት ወረቀት አምጣ። አንደኛው ላይ ኳስ ግራ በኩል ሳል፣ ሁለተኛው ላይ በጥፍር ስፋት ወደ ቀኝ ፈቀቅ አድርገህ ሳል። ቀስ ብላ ትሄዳለች። አሁን ሁለተኛውን ቀደህ ጣልና በመዳፍ ስፋት አርቀህ ሳላት። ተወረወረች! ኳሷ ያችው ናት፣ ሥዕልህም አልተሻሻለም። የተለወጠው ክፍተቱ ነው።

ይሄን እስከ ጫፍ የገፋበት «ብሊንኪቲ ብላንክ» ነው፤ 1955፣ ካን ላይ በአጭር ፊልም ዘርፍ አንደኛ የወጣበት። ጥቁር ፊልም በመርፌና በስለት እየፋቀ ሰራው፤ ብዙውን ፍሬም ምንም ሳይነካው ጥቁር አድርጎ ተወው። አንዲት ወፍ ብልጭ ትልና ትጠፋለች፣ የቀረውን አይንህ ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ ጭፈራ ላይ የሰራው አለ? የእኛ እስክስታ በእሱ ዘዴ ቢሰራ ምን ይመስል ነበር እያልኩ ነው።

«ፓ ዴ ዱ»፣ 1968። ነጭ የለበሱ ሁለት የባሌት (የአውሮፓ የመድረክ ጭፈራ) ዳንሰኞች፣ ጥቁር መድረክ፣ ብርሃኑ ከጎንና ከኋላ ብቻ፤ ስለዚህ የሚታየው የሰውነታቸው ጠርዝ ነው። ከዚያ ያንኑ ምስል ትንሽ እያዘገየ በራሱ ላይ ደጋግሞ አተመው፣ አንዳንዱ ፍሬም እስከ 11 ጊዜ። ዳንሰኛዋ እጇን ስታነሳ ያለፈችበት መንገድ ሁሉ እንደ ማራገቢያ ከኋላዋ ይዘረጋል፤ ስትቆም ጥላዎቿ እየተከተሏት አንድ በአንድ ይገቡባታል።

ስለ እስክስታ፦ ልብሱማ አለን፣ ነጭ በነጭ ነን። ግን ይሄ ዘዴ የሚያምርበት ሰፊና ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ነው። ትከሻ ባለበት ቦታ በፍጥነት ሲመታ 11 ጊዜ ብትደራርበው ነጭ ጭጋግ ነው የሚሆነው። እኔ ብሆን ነጠላዋን ይዛ ስትዞር ያለውን እወስዳለሁ። ሞክረሽ አሳዪኝ።

ጥያቄ፦ በስልክ መጀመር ይቻላል?

ይቻላል፣ በተለይ ፒክሲሌሽኑ። ስልኩን ከወንበር ጋር በፕላስተር እሰሩት፤ በእጅ ይዞ ማንሳት አይሆንም። ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉት፣ አለዚያ ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ለአንድ ሰከንድ 12 ፎቶ ይበቃል። ፎቶዎቹን አያይዞ ፊልም የሚያደርግ ነፃ የስቶፕ ሞሽን አፕ ሞልቷል። የማክላረንን ሥራዎች ደግሞ የካናዳው ፊልም ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኛላችሁ፤ በ«ሄን ሆፕ» ጀምሩ፣ «ፓ ዴ ዱ»ን ለማታ አቆዩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትናንት የነገርከንን የመዝለል ዘዴ ልጄን ይዤ ሞከርኩት። 48 ጊዜ አስዘለልኩት። የወጣው አራት ሰከንድ ብቻ ነው! ልጁም አኩርፎኛል።

ስሌቱ ልክ ነው፣ 48 ለ12 ሲካፈል አራት። አራት ሰከንድ መብረር ትንሽ ነው እንዴ? አሁን አሳየውና ኩርፊያውን ይተዋል። ነገ ደግሞ እሱ ስልኩን ይያዝ፣ አንተ ዝለል።