ደጃፍ ላይ የሞቱት ጫጩቶች

ጠያቂዋ የሱሉልታ ነዋሪ ናቸው። ከኮምፔርሳቶ የተሠራ፣ በሁለት አምፖል የሚሞቅ፣ ማራገቢያ ያለውና 60 እንቁላል የሚይዝ ማስፈልፈያ አላቸው። ባለፈው ዙር በ18ኛው ቀን እንቁላሎቹን በባትሪ ብርሃን አሳልፈው ሲያዩ 47ቱ ሕይወት ነበራቸው። የወጡት ግን 11 ብቻ ናቸው፤ እነሱም ዘግይተው፣ በ22ኛውና በ23ኛው ቀን። የቀሩትን ሰብረው ሲያዩ ሙሉ አካል ያላቸው፣ ነገር ግን እርጥብና ያበጡ ጫጩቶች ሞተው አገኙ። «አውራ ዶሮው አርጅቶ ይሆን?» ይላሉ።

እህቴ፣ አውራው ምንም አልበደለም። ጽንሱ 18 ቀን ካደገ እሱ ድርሻውን ተወጥቷል። ጫጩቶችዎ የሞቱት መውጫቸው ደጃፍ ላይ ነው። «እርጥብና ያበጡ» የሚለውን እንዳነበብኩ የጠረጠርኩት የአየር ቀዳዳዎቹን ነበር። ወረድ ብዬ ሳነብ ደግሞ ማሽኑን ያደሰልዎ ሰው «ብርድ ያስገባል» ብሎ ቀዳዳዎቹን በናስትሮ እንደደፈናቸው፣ የቴርሞስታቱንም (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ሴንሰር፣ ማለትም ሙቀቱን የሚለካውን ጫፍ፣ አምፖሉ ሥር እንዳሰረው ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ጥገና ያናድደኛል። ሰውየው ገንዘብ ተቀብሎ የሚሠራ ማሽን አበላሽቶ ሄዷል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። መብራት ሲጠፋ የከሰል ምድጃ ከማሽኑ አጠገብ እንደሚያስቀምጡ፣ ክፍሉም ልጆች የሚተኙበት እንደሆነ ነግረውኛል። ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። የከሰል ጭስ ጠረን የሌለው መርዝ አለው፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ አይጨስም ብለው አይዘናጉ፤ መርዙ ከፍሙም ይወጣል።

አሁን ወደ እንቁላሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ሳይገባው ማስፈልፈያ የሚነካካ ሰው በዝቷል። የእንቁላል ቅርፊት በዓይን የማይታዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። በእነሱ በኩል ውሃ ተንኖ ይወጣል፣ አየር ይገባል። ውሃው በወጣ ቁጥር በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ያለው የአየር ክፍል እየሰፋ ይሄዳል። ጫጩቱ በ19ኛው ወይም በ20ኛው ቀን መጀመሪያ የሚበሳው ቅርፊቱን አይደለም፤ የውስጡን ሽፋን በስቶ ምንቃሩን ወደዚያ የአየር ክፍል ያስገባና ለመጀመሪያ ጊዜ በሳንባው ይተነፍሳል። ቅርፊቱን እስኪሰነጥቅ ድረስ ስንቁ ያቺ ትንሽ አየር ናት። እርስዎ ቀዳዳው በተደፈነ ሣጥን ውስጥ ሦስት ሳህን ውሃ አስቀምጠዋል። እርጥበቱ መውጫ አጣ፣ እንቁላሉ ውሃውን አልለቀቀም፣ የአየር ክፍሉ ጠበበ፣ ጫጩቱም አብጦ መዞሪያ አጣ። «ደጋ ላይ እንቁላል ቶሎ ይደርቃል፣ ውሃ አብዙ» ያለዎት ሰው አልዋሸም፤ ይህ የሚሠራው ግን ቀዳዳው ክፍት ሲሆን ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው፣ ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ሳስቷል። ያለችውን ደግሞ በናስትሮ ከለከልናቸው። በመጨረሻዎቹ ቀናት 47 ጫጩት አንድ ሣጥን ውስጥ ሲተነፍስ ምን ያህል አየር እንደሚፈልግ ያስቡት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሶኬቱን ይንቀሉ። ናስትሮውን ልጠው ይጣሉ፤ ከእንቁላሉ ከፍታ በታች በጎን በኩል አራት፣ ክዳኑ ላይ አራት ቀዳዳ በ10 ሚሊ ሜትር መብሻ ያውጡ። ቅዝቃዜ ካሳሰብዎ የሣጥኑን ግድግዳ በስፖንጅ ያልብሱት እንጂ ቀዳዳውን አይንኩት፤ ስፖንጁም ከአምፖሉ ይራቅ።

ሴንሰሩን ከአምፖሉ ሥር አውጥተው በእንቁላሎቹ ከፍታ፣ መሐል ላይ ያንጠልጥሉት፤ ከአምፖሉም በቆርቆሮ ይከልሉት። እስካሁን የሚለካው የአምፖሉን ትኩሳት ነበር። የቴርሞስታቱ የቁጥር መስኮት 37.8 ዲግሪ እያለ ጥግ ያሉት እንቁላሎች ይበርዳቸው ነበር፤ የዘገዩትም ለዚህ ነው። ማራገቢያ ስላለዎት 37.5 ላይ ያድርጉት። ቁጥሩን ግን እንዳለ አይመኑት። በየሱቁ በርካሽ የሚሸጡት ቴርሞስታቶች አንድ ዲግሪ ሲያሳስቱ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሪሌያቸውም (አምፖሉን የሚያበራውና የሚያጠፋው ክፍል) ይጣበቅና አምፖሉ ሳይጠፋ ያድራል። የሴንሰሩን ብረት ጫፍና የሰውነት ሙቀት መለኪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ላይ ነክረው ያመሳክሩ። «ይጮኻል» ያሉት ማራገቢያ ደግሞ ኩሽኔታው ደርቋል፤ ዘይት ቀብቶ ማቆየት አያዛልቅም፣ ደህናውን ገዝተው ይቀይሩት።

ውሃው እስከ 18ኛው ቀን አንድ ሳህን ይበቃል። ከዚያ በኋላ እንቁላል ማገላበጥ ያቁሙ፣ ሌላ ሰፊ ሳህን ይጨምሩ፤ የሚጠቅመው የውሃው ስፋት እንጂ ጥልቀቱ አይደለም። ሲጀምሩ 10 እንቁላል በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑ። 600 ግራም ከሆነ በ18ኛው ቀን 525 አካባቢ መድረስ አለበት። በ9ኛው ቀን ከ575 በላይ ከሆነ ውሃውን ይቀንሱ፣ ከ550 በታች ከወረደ ይጨምሩ። እኔ ከእርጥበት መለኪያ ይልቅ ሚዛኑን አምናለሁ። በባትሪ ሲያዩም የአየር ክፍሉን ጠርዝ በእርሳስ ያስምሩበት፤ መስመሩ በየሳምንቱ ዝቅ ማለት አለበት።

ጫጩት መሰንጠቅ ከጀመረ ክዳኑን አይክፈቱ። ከመጀመሪያዋ ስንጥቅ እስከ መውጣት 12 ሰዓትም ከዚያ በላይም ሊወስድ ይችላል። በከፈቱ ቁጥር እርጥበቱ ይወጣና ሽፋኑ ጫጩቱ ላይ እንደ ወረቀት ይደርቅበታል።

መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በጨርቅ ጠቅልለው ከእንቁላሎቹ ጎን ያስገቡ፣ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፣ የክዳኑን ቀዳዳዎች ግን ክፍት ይተዉ። እንቁላል ሁለት ሦስት ሰዓት መቀዝቀዝን ይችላል፤ እናት ዶሮም ለመብላት ትነሣለች። ከሰል ግን ሰው ወዳለበት ክፍል አይገባም፤ ውሃውን ደጅ ያፍሉት፣ ምድጃውንም እዚያው ይተዉት።

አዲስ እንቁላል ከማስገባትዎ በፊት ማሽኑን ባዶውን አንድ ቀንና ሌሊት ያሠሩትና አራቱንም ጥግ ይለኩ። ከግማሽ ዲግሪ በላይ የሚለያይ ጥግ ካለ የአምፖሎቹን ቦታ ነግረውኝ ይጻፉልኝ።