ከበረዶውና ከጎርፉ በኋላ ስንዴዬ ቢጫ ሆነ፤ ምን ልርጭበት?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ገላን አካባቢ ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ ዘርቻለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነጎድጓድ ያለበት ኃይለኛ ዝናብ ከነበረዶው ወረደ። ከላይ ከአስፓልቱ በኩል የመጣ ጎርፍም ማሳዬን አልፎ ሄደ። አሁን ስንዴው ቢጫ ሆኗል። በረዶው ነው ያቃጠለው ወይስ ዋግ ነው? አንዱ ዩሪያ ድገምበት ይለኛል፣ ሌላው መድኃኒት እርጭ ይለኛል። ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ቤት ተቀምጧል። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማሳው ስንት ጥማድ እንደሆነ፣ ቢጫውም ከየት በኩል እንደጀመረ አልጻፉልኝም። ቢሆንም ከደብዳቤዎ ሦስት ነገር ይዣለሁ፦ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ጎርፉ የመጣው ከላይ ነው፣ ቢጫው የታየው ከዝናቡ ሰንበት ብሎ ነው። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም ዙሪያ በየክረምቱ የማየው አንድ ነገር ነው። ጎርፉ አልፏል፣ ውሃው ግን ማሳዎ ውስጥ ቀርቷል፤ የስንዴው ሥር ታፍኗል።

በረዶ ስንዴ ሲመታ ቅጠሉን ይተለትለዋል፣ አገዳውን ይሰብረዋል፤ ጉዳቱም በማግስቱ ይታያል። ከሳምንት በኋላ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ የሚመጣ ቢጫ የበረዶ ሥራ አይደለም። ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ደግሞ ቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረ ዱቄት አለው። ቅጠሉን በነጭ ሶፍት ጠረግ ያድርጉት፤ ቢጫ ዱቄት ከያዘ ዋግ ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጥሩ፣ ያኔ መድኃኒት መርጨቱ ጊዜ አይሰጥም። ሶፍቱ ንጹሕ ከሆነ መድኃኒት ላይ አንድ ብር አያውጡ።

ቀጥሎ ቢጫ ከሆነው ቦታ አንድ ስንዴ፣ ለምለም ከሆነው ዳር ደግሞ ሌላ አንድ ይንቀሉና ሥራቸውን አጥበው ጎን ለጎን ያስተያዩት። ጤነኛው ሥር ነጭ ነው። የታፈነው ቡናማ ይሆናል፣ አንዳንዴም የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ አለው። እንደ ግምቴ ቢጫው ማሳዎ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ በርትቶ፣ ከፍ ያለው ጋ ስንዴው ደህና ሆኖ ያገኙታል።

የመረሬን፣ የዚህን የጥቁር አፈር ጠባይ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁን ይደፍናል። አንዴ ከተደፈነ በኋላ የሚወርደው ዝናብ ወደ ታች መስረጊያ የለውም፤ ላይ ላዩን ይተኛል። የስንዴ ሥር ደግሞ አየር ይፈልጋል። ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ያለው አየር በሁለትና ሦስት ቀን ያልቃል። ከዚያ ሥሩ ማዳበሪያው አጠገቡ እያለ መሳብ ያቅተዋል። ተክሉ አዲሱን ቅጠል ለማኖር ሲል ከአሮጌው ቅጠል ናይትሮጂን ይወስዳል፣ ቢጫው ከታች የሚጀምረውም ለዚህ ነው።

አሁን ዩሪያው ላይ ልቆጣዎት ነው፣ አይቀየሙኝ። ስንዴ ቢጫ ሆነ ሲባል ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ዩሪያ መበተን በየዓመቱ የማየው ጥፋት ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ከናይትሮጂኑ ቀላል የማይባለው ወደ ጋዝ ተለውጦ ወደ አየር ይወጣል፣ ከቀረውም የሚቀጥለው ዝናብ ጠርጎ ወንዝ ይከተዋል። ሥሩ ታፍኖ ሳለ ማዳበሪያ ጨምሮ የሚያገኘው ነገር የለም። በዛሬ የዩሪያ ዋጋ ያን ግማሽ ኩንታል ለአቃቂ ወንዝ መስጠት በጣም ያሳዝናል። ይቆይ፤ ጊዜውን ከታች እነግርዎታለሁ።

የሚያስፈልግዎት ፈሰስ ነው፤ የተኛውን ውሃ ከማሳው የሚያወጣ ትንሽ ቦይ ማለቴ ነው። ስንዴው ስለቆመ በሬ ማስገባት አይቻልም፤ በዶማና በአካፋ ይሠራል። ገንዘብ አይጠይቅም። ጉልበት ካነሰ ለጎረቤት ወንፈል ይጠይቁ፤ የእነሱም ማሳ ያው ችግር ሳይኖረው አይቀርም።

ከመቆፈርዎ በፊት ዝናብ እየጣለ ጃንጥላ ይዘው ማሳው ዳር ይቁሙ። ውሃው በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛ፣ በየት መውጣት እንደሚፈልግ በዓይንዎ ይዩና በእንጨት ምልክት ያድርጉ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሜዳ የሚመስለው ቦታ ዝናብ ላይ ሌላ ነው።

ቁፋሮውን ከታች ይጀምሩ። ዝቅተኛውን ዳር መጀመሪያ ይክፈቱና ወደ ላይ እየቆፈሩ ይምጡ። ብዙ ሰው ከላይ ይጀምርና የቆፈረው ውስጥ ውሃ ሞልቶበት፣ ጭቃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ውሎ ይተወዋል። ከታች ሲጀምሩ ግን የተኛው ውሃ እየተከተለ ይወጣል፣ ሥራውም እየቀለለ ይሄዳል። ስፋቱ አንድ አካፋ፣ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ከሆነ ይበቃል። ውሃ በተኛባቸው ቦታዎች ሁሉ አንድ አንድ ይግባ፣ ከዚያ ዳር ላይ ወዳለው ዋና ቦይ ይገናኙ። በፈሰሱ መስመር ያለው ስንዴ ይጠፋል፤ አይሳሱለት፣ ከግራና ከቀኝ የሚድነው ብዙ እጥፍ ነው።

ከማሳው ውስጥ የሚያወጡትን አፈር በፈሰሱ አፋፍ ላይ አይከምሩት። ሳስቶ በስንዴው መካከል ይበተን። ክምሩ ግድብ ሆኖ ውሃው ወደ ፈሰሱ እንዳይገባ ይከለክለዋል፤ ደክመው ቆፍረው ማሳው ያልደረቀላቸው ሰዎች ጋ ሄጄ ባየሁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄው ነው።

ከላይ በአስፓልቱ በኩል ለሚመጣው ጎርፍ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ከማሳው ራስጌ ላይ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ ጥልቀቱ ሁለት ስንዝር ያህል ይሁን። የዚህን አፈር በተቃራኒው ከቦዩ በታች፣ በማሳው በኩል ከምረው ይርገጡት። በከተማው ዳር ቤቱና መንገዱ በበዛ ቁጥር ዝናቡ የሚሰርግበት መሬት ይቀንሳል፣ ከጣራና ከአስፓልት የሚወርደው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክም ይዞ ነው የሚመጣው። ቦዩ አፍ ላይ ጭራሮ ተክለው ቆሻሻውን ያስቀሩ፤ ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ሁሉ እዚያ ሄደው ይጥረጉ። አንድ ፌስታል የአንድ ቀን ሥራ ይደፍናል።

አንድ ማሳሰቢያ። ቦዩን ቁልቁል ቀጥ አድርገው አይልቀቁት፣ በሁለትና ሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ገደድ አድርገው በዝግታ ይውሰዱት፣ መውጫው ሣር ያለበት ወይም ድንጋይ የተደረደረበት ይሁን። የጎረቤት ማሳ ላይም አይጣል። በፈሰስ ጠብ የተካሰሱ የአንድ ሰፈር ሰዎች አይቻለሁ፤ ከታች ካለው ጎረቤትዎ ጋር አስቀድመው ተነጋግረው መውጫውን የጋራ ቢያደርጉት ለሁላችሁም ይሻላል።

ውሃው ከወጣ በኋላ ማሳው ውስጥ ገብተው ይሞክሩ። እግርዎ የማይሰምጥ፣ አፈሩ ግን እርጥበት ያለው ሲሆን የዩሪያው ጊዜ ያን ጊዜ ነው። ሰማዩ ከባድ ዝናብ ያዘለ በሚመስልበት ቀን አይበትኑ። ግማሽ ኩንታሉንም ሁሉ አይጨርሱ፤ በዘር ጊዜ የሰጡትን መጠንና የማሳዎን ስፋት ለቀበሌው ባለሙያ ነግረው ከዚያ ላይ ይወስኑ። ቢጫ የሆነው አሮጌ ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም፣ እሱን እያዩ ተስፋ አይቁረጡ። ከመሃል የሚወጣውን አዲስ ቅጠል ይዩ፤ እሱ አረንጓዴ ከመጣ ስንዴው ተርፏል።

ለሚቀጥለው ዓመት ፈሰሱን ቢጫ እስኪያዩ አይጠብቁ፣ ከዘር ጋር ይውጣ። ቢቢኤም የሚባለው በበሬ የሚጎተት መሣሪያ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ እያወጣ ይሄዳል፤ ለመረሬ የተሠራ ነው። ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ማኅበራችሁ ጋ ካለ ተዋሱት፤ ከሌለ በማረሻ ራሱ በየተወሰነ እርምጃ ፈሰስ መቅደድ ይቻላል።

ጨርሶ የሞተ ቦታ ካለ ደግሞ ባዶውን አይተዉት። ውሃውን አውጥተው፣ መስከረም ላይ አፈሩ ሲጠነፍፍ ሽምብራ ይዝሩበት፤ በቀረው እርጥበት ይደርሳል። ሥሮቹን ካስተያዩ በኋላ ጥርጣሬ ከቀረዎት የሁለቱን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ ቢጫው ከየት በኩል እንደጀመረም ይጻፉልኝ።