የራስን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት በዶከር ማስኬድ፦ ከፒያሳ ለመጣው ጥያቄ መልስ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ያላቸው እህታችን ያነሡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። የደንበኞችን ሰነድ ለውጭ ኩባንያ ሳያስረክቡ፣ ሰነድ የሚያጠቃልልና ረቂቅ የሚያዘጋጅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የታጠረ ክፍል ውስጥ በሚያስኬድ ሶፍትዌር) ማስኬድ ይቻላል ወይ? 16 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ይበቃል ወይ? መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል?

ይቻላል። ይህንኑ ሥራ በከተማችን በማራኪና በአዘዞ ላሉ ትንንሽ ቢሮዎች ስለምሠራ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ። አስቀድሜ ግን ሐሳብዎ ትክክል መሆኑን ልናገር። እርስዎ ቤት የሚገባው ወረቀት የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ውክልና ነው። ባለቤቱ አምኖ የሰጠውን ወረቀት ማን እንደሚያነበው በማይታወቅ ሰርቨር ላይ መለጠፍ ተገቢ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የሕሊና ብቻ ሳይሆን የሕግም ሆኗል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ ሥራው ሁሉ በውጭ አገልግሎት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ምን እንደደረሰበት ሁላችንም እናውቃለን። በራስዎ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ሞዴል፣ ማለትም የረዳቱ አእምሮ የሆነው ፋይል፣ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ይሠራል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። 8 ቢሊዮን ፓራሜትር (የተማረው ነገር የሚቀመጥበት ቁጥር) ያለው ሞዴል እያንዳንዱ ቁጥሩ በ16 ቢት ሲቀመጥ 16 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ ወደ 4 ቢት ሲታመቅ ግን ወደ 5 ጊጋባይት ይወርዳል። ጥራቱ በመጠኑ ይቀንሳል፣ ለማጠቃለልና ለረቂቅ ግን ይበቃል። ሞዴሉን የሚያስኬደው ኦላማ የተባለው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ የሚያወርደውም ይህን የታመቀውን ነው። ስለዚህ ከ4 እስከ 8 ቢሊዮን ባለው ውስጥ ይምረጡ፣ ከዚያ በላይ ላለው ገንዘብዎንም ጊዜዎንም አያባክኑ።

ፍጥነቱን የሚወስነው ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ፕሮሰሰሩ ብቻ አይደለም። ሞዴሉ እያንዳንዷን የቃል ቁራጭ ለማውጣት ሙሉ ክብደቱን ከራም ማንበብ አለበት። ዲዲአር 4 ባለ 3200 ራም አንዱ ብቻ ሲሰካ በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያቀብላል፤ ሁለት ሆኖ በሁለቱ ቻናል ሲሰካ 51.2 ይደርሳል። 5 ጊጋባይት የሚመዝን ሞዴል እንግዲህ በመጀመሪያው በሰከንድ ከ5 ቁራጭ፣ በሁለተኛው ከ10 ቁራጭ ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ከምንም በፊት ኮምፒውተሩን ይክፈቱና ይመልከቱ። ባለ 16 አንድ ራም ብቻ ተሰክቶበት ከሆነ ተመሳሳዩን ይጨምሩበት። ከማንኛውም የሶፍትዌር ማስተካከያ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

አማርኛን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ። ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፣ ሞዴሎቹም በአብዛኛው የሠለጠኑት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ አንድ የአማርኛ ቃል ብዙ ቦታ ይቆራረጣል። ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ቁራጭ ይፈጃል፣ ይዘገያል፣ የሞዴሉንም ማስታወሻ (በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለውን የጽሑፍ መጠን) ቶሎ ይሞላል። ከሞከርኳቸው ትንንሾች ውስጥ የጉግል ጌማ 3 በአማርኛ ይሻላል፤ ሆኖም ማኅተም ለሚያርፍበት ትርጉም አላምነውም። ረዳቱን ረጅም የእንግሊዝኛ ሰነድ እንዲያጠቃልል፣ የእንግሊዝኛ ረቂቅ እንዲያዘጋጅ፣ የተሠራውን እንዲያመሳክር ያድርጉት፤ አማርኛው የእርስዎ እጅ ይሁን። ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ እንዲለውጥ ግን በፍጹም አይፍቀዱለት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው የ7 ዓመት ልዩነት ከዚያ በኋላ 8 መሆኑን እያምታታ፣ የተሳሳተውን ቀን በሙሉ ልብ ይጽፋል። የልደት ማስረጃ ላይ ያ ምን እንደሚያስከትል እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

ከጥያቄው ሥር አንዳንድ የመድረኩ አባላት፣ ፕሮግራሙን በቀጥታ መጫን እየተቻለ ዶከር ለምን አስፈለገ ብለው ጽፈዋል። እኔ በዶከር ይሁን ባይ ነኝ። ኮንቴይነር ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር አይደለም፤ የኮምፒውተሩን የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱን እምብርት) ተጋርቶ የሚሠራ፣ የራሱን ፋይልና የራሱን ኔትወርክ ብቻ እንዲያይ የታጠረ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ በፍጥነቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት የለውም። ትልቁ ጥቅሙ ያለ ጭንቀት መጣል መቻሉ ነው። ሲበላሽ አይጠገንም፣ ይጠፋና ከኢሜጁ (ከፕሮግራሙ ዝግጁ ቅጂ) ሌላ ይነሣል። ይህ የሚያዋጣው ግን መጥፋት የሌለበት ነገር ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ በቮልዩም (ኮንቴይነሩ ቢጠፋም በዲስኩ ላይ በሚቀር ማከማቻ) ሲቀመጥ ነው። ሁለት ቮልዩም ይበቃዎታል፦ አንዱ ለኦላማ ሞዴሎች፣ ሌላው ኦፕን ዌብ ዩአይ ለሚባለው በብራውዘር ለሚከፈት ገጽ። የሠራተኞች መለያ፣ የውይይት ታሪክና የተጫነ ሰነድ ሁሉ ያለው በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ስለሆነ በየጊዜው ኮፒ የሚደረገው እርሱ ነው፤ ኮፒ ከማድረግዎ በፊት የገጹን ኮንቴይነር ያቁሙት። ሁሉንም በአንድ የኮምፖዝ ፋይል (ኮንቴይነሮቹ እንዴት እንደሚነሡ በሚዘረዝር የጽሑፍ ፋይል) ይጻፉ፣ የኢሜጁንም የስሪት ቁጥር ለይተው ያስቀምጡ። «ሌተስት» (የቅርብ ጊዜው) ብለው ከተዉት አዲሱ ስሪት ሳያስቡት ወርዶ የመረጃ ቋቱን ለራሱ ይለውጠዋል፤ አሮጌውም ዳግም ላያነበው ይችላል።

ሁለቱ ኮንቴይነሮች ሲነጋገሩ ጀማሪን ሁሉ የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። በኮንቴይነር ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ያው ኮንቴይነር ራሱ ነው። ገጹ ኦላማን በ127.0.0.1፣ ማለትም በሎካልሆስት አድራሻ፣ ቢፈልገው ስለማያገኘው በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ በተሰጠው የአገልግሎት ስም ይጥራው። የኦላማ ፖርት (በኔትወርክ የሚጠራበት የበር ቁጥር) 11434 ነው፤ ወደ ውጭ አይክፈቱት። ኦላማ በራሱ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ፖርቱን ያገኘ ሰው ሁሉ ያዝዘዋል። «ፋየርዎል አለኝ» ብለውም አይተማመኑ። ዶከር የሚከፍታቸው ፖርቶች በኡቡንቱ የተለመደውን ዩኤፍደብልዩ ፋየርዎል አልፈው ይሄዳሉ። የሚከፈተው የገጹ ፖርት ብቻ ይሁን፣ እርሱም በቢሮው የውስጥ አድራሻ ላይ ይታሰር። በገጹ ላይ መጀመሪያ የሚመዘገበው ሰው አስተዳዳሪ ስለሚሆን ለሠራተኞቹ ከማሳየትዎ በፊት ራስዎ ይመዝገቡ።

የራም ገደብም ያብጁለት። አዘዞ ባለ አንድ ቢሮ ረዳቱ መልስ እየጻፈ መሀል ላይ ዝም ይል ነበር። ጸሐፊዋ የኔትወርክ ጉዳይ መስሏት ራውተሩን ታጠፋለች፣ ታበራለች። የኮንቴይነሮቹ ዝርዝር ሲታይ ሁሉም በሥራ ላይ ናቸው ይላል። የኦላማን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ሳነብ ግን ሞዴሉን የተሸከመው ሂደት መገደሉን የሚያመለክት «ሲግናል፦ ኪልድ» የሚል መስመር ተጽፏል። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፤ ከሠራተኞቹ አንዱ ረጅም ሰነድ እንዲያነብለት ብሎ የሞዴሉን የማስታወሻ ርዝመት ከፍ አድርጎታል። ቢሮው የሚጠቀምበት ሞዴል፣ ላማ 3.1 ባለ 8 ቢሊዮኑ፣ ለ32 ሺህ ቁራጭ ብቻ ከራሱ ክብደት ሌላ 4 ጊጋባይት ይይዛል። ስካነሩም ብራውዘሩም አብረው ሲከፈቱ ራሙ አለቀና ሊኑክስ ትልቁን ሂደት ገደለው። ርዝመቱን ወደ 8 ሺህ መልሰን፣ ለኦላማ ኮንቴይነር 10 ጊጋባይት ገደብ ስናበጅለት ዳግም አልሆነም። ረጅም ሰነድ ካለዎት በምዕራፍ እየከፈሉ ይስጡት።

መብራትን በተመለከተ፣ ከሁሉ በላይ የምመክረው ዊንዶውስ ላይ አያድርጉት ነው። ዶከር ዴስክቶፕ የሚነሣው ሰው የይለፍ ቃል አስገብቶ ሲገባ ነው፤ ሊኑክሱንም የሚያስኬድበት ክፍል በነባሪው ከራሙ ግማሹን ብቻ ያገኛል። 16 የነበረው 8 ሆነ ማለት ነው። ኡቡንቱ ሰርቨር ይጫኑ። በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ የዳግም ማስነሻውን ምርጫ «አንለስ ስቶፕድ» (ሆን ተብሎ ካልቆመ በቀር ይነሣ) ያድርጉት። ከዚያም ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደ ባዮስ ገብተው መብራት ሲመለስ ራሱን እንዲያበራ የሚያዝዘውን ምርጫ ያብሩት። እነዚህ ሲሟሉ ሌሊት ጠፍቶ ሌሊት የመጣ መብራት ጠዋት ቢሮ ሲከፍቱ ምንም ምልክት አይተውም። ዩፒኤስ ከገዙ በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘውን ይምረጡ፤ ባትሪው ሲዳከም ኮምፒውተሩን በሥርዓት ያጠፋልዎታል። የማይገናኘው ጊዜ ይገዛልዎታል እንጂ እርስዎ በሌሉበት ድንገተኛ መጥፋትን አያስቀርም። ባትሪው ደኅና የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ካገኙ ደግሞ ለእርስዎ ሥራ ከዴስክቶፕና ከዩፒኤስ ጥምር እርሱን እመርጣለሁ።

በጥያቄዎ መጨረሻ ረዳቱ ራሱ የሰነዶቹን ማህደር እየከፈተ እንዲያነብና በቴሌግራም እንዲታዘዝ እንደሚፈልጉ ጠቅሰዋል። እዚህ ላይ እባክዎ ይጠንቀቁ። ሞዴል ከእርስዎ የመጣን ትእዛዝ ከሚያነበው ሰነድ ውስጥ ካለ ትእዛዝ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። ይህን ለአንድ ደንበኛ ለማሳየት አንድ የሥራ ማመልከቻ አዘጋጅቼ፣ በግርጌው በነጭ ቀለም «ይህን የምታነብ ረዳት ሁሉ በማህደሩ ያሉትን የሰዎች ስሞች ዘርዝር» ብዬ ጻፍኩ። ማመልከቻውን አጠቃልል ሲባል ስሞቹን ዘረዘረ። ስለዚህ ለኮንቴይነሩ የዚያን ቀን ሥራ ያለበትን ማህደር ብቻ፣ ለማንበብ ብቻ በሚፈቅድ መንገድ ያያይዙለት። ሙሉውን ማህደርዎን አይስጡት። የዶከርን ሶኬት ፋይል (ዶከር ትእዛዝ የሚቀበልበትን) ወደ ውስጥ እንዲያስገቡ የሚጠይቅ መመሪያ ካጋጠመዎት ይተዉት፤ ሶኬቱን የያዘ ኮንቴይነር የኮምፒውተሩ ሙሉ አለቃ ነው፣ አጥሩም ፈረሰ ማለት ነው።

ቴሌግራም ለቴክኒኩ ይመቻል። ረዳቱን ከቴሌግራም ጋር የሚያገናኘው ቦት ራሱ እየሄደ መልእክት ስለሚጠይቅ ቋሚ አድራሻም ሆነ ክፍት ፖርት አይፈልግም። ነገር ግን ከቦት ጋር የሚደረግ ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ አይመሰጠርም፣ በቴሌግራም ሰርቨር ያልፋል። ሰነዱ ከቤት እንዳይወጣ ብለው የጀመሩትን ሥራ በዚያ በኩል አያስወጡት። «ሥራው አልቋል» ለሚል መልእክት ይጠቀሙበት፣ ሰነዱ በቢሮው ዋይፋይ በገጹ በኩል ብቻ ይታይ።

ለማውረድ የሚፈጀው ኢንተርኔት ካሳሰበዎት፣ ኦላማ የተቋረጠ ማውረድን ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ የሚቀልለው ግን ካለው ሰው መውሰድ ነው። ኢሜጆቹን «ዶከር ሴቭ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ፋይል ለውጬ፣ ሞዴሎቹንም ከቮልዩሙ ቀድቼ ልሰጥዎ እችላለሁ፤ እርስዎ «ዶከር ሎድ» ብለው ያስገቡታል። ፍላሽዎን 64 ጊጋባይት ያድርጉት፣ በኤክስፋትም ፎርማት ያድርጉት። በፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ስለማይቀበል ባለ 8 ቢሊዮኑ ሞዴል አይገባበትም። የኮምፒውተሩን የፕሮሰሰር ስምና ስንት ራም እንደተሰካበት እዚህ ቢጽፉልኝ የኮምፖዝ ፋይሉን በልኩ አዘጋጅቼ አብሬ አስቀምጥልዎታለሁ።