የተርባይን ዘይት ማቀዝቀዣን በታመቀ አየር ስለ ማጽዳት

ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ በስኳር ፋብሪካ ጥገና ለሠራን ሰዎች በጣም የታወቀ ነው። የወንዝ ውሃ በቱቦዎች ውስጥ እያለፈ ከቱቦዎቹ ውጭ ያለውን ዘይት የሚያቀዘቅዝበት የተርባይን ዘይት ማቀዝቀዣ በቅጠል፣ በፌስታልና በባጋስ (ከተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ የሚቀር ገለባ) ጭረት እየተደፈነ የዘይቱ ሙቀት ይጨምራል፤ ጥያቄያቸውም ክዳኑን ሳይፈቱ 7 ባር ባለው የወርክሾፕ አየር ማጽዳት ይቻል እንደሆነ ነው። ከልምዴ የምመልሰው፣ ይቻላል፤ ነገር ግን አየሩ ሊያነሣ የሚችለው በቱቦዎቹ አፍ ላይ የተሸጎጠውንና ውስጥ የተኛውን ልል ቆሻሻ ብቻ ሲሆን፣ ግፊቱም 7 ባር ሊሆን አይገባም።

ቆሻሻው የሚከማቸው ውሃ በሚገባበት በኩል ባለው የቱቦዎች አፍ ላይ ነው። ስለዚህ በውሃው አቅጣጫ መንፋት ይበልጥ እንዲወተፍ ያደርገዋል። አየሩ ውሃው በሚወጣበት በኩል ገብቶ፣ ቆሻሻው በመግቢያው በኩል ባለው የማፍሰሻ ቫልቭ መውጣት አለበት። አብዛኞቹ ተርባይኖች ሁለት ዘይት ማቀዝቀዣ ስላላቸው ሥራው ተጠባባቂ በሆነው ላይ ይከናወናል፤ ትኩስ ዘይት እያለፈበት የውሃውን ሁለቱንም ቫልቮች መዝጋት ግን ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ውስጥ የታሰረው ውሃ ሲሞቅ የሚፈጥረው ግፊት ማቀዝቀዣውን ሊሰብረው ይችላል።

ደረቅ አየር ብቻ መንፋት ብዙ ጥቅም የለውም፤ አየሩ ክፍት በሆኑት ቱቦዎች በኩል በቀላሉ ያመልጥና የተደፈኑትን ሳይነካ ያልፋል። ውጤት ያየሁት ማቀዝቀዣው በውሃ እንደተሞላ አየሩን ለጥቂት ሰከንዶች ለቆ በመዝጋት፣ ከዚያም ውሃ ወደ ኋላ እንዲፈስ በማድረግና ይህንኑ በመደጋገም ነው። አየሩ ውሃውን እያናወጠ ደለሉን ከቱቦው ግድግዳ ያላቅቀዋል፣ ውሃው ደግሞ ጠርጎ ያወጣዋል። ከ2 ባር መጀመር በቂ ነው። ይህም ሆኖ በስም ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው የንድፍ ግፊት ማለፍ የለበትም፤ በአየር መስመሩ ላይም ሬጉሌተር (ግፊቱን የሚወስን)፣ ሴፍቲ ቫልቭ (ግፊቱ ሲበዛ የሚያስተነፍስ)ና ውሃ ወደ አየር መስመሩ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ መኖር አለበት።

በግፊቱ ላይ አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲያሜትሩ 50 ሴንቲሜትር በሆነ ክዳን ላይ 7 ባር የሚያሳርፈው ኃይል 14 ቶን ያህል ነው። ውሃ ትንሽ ሲያፈስ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል፤ የታመቀ አየር ግን እየሰፋ መግፋቱን ይቀጥላል። በአንድ ፋብሪካ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ዜሮ እያሳየ ሠራተኞች ብሎን ሊፈቱ ሲሉ፣ የጌጁ ቀጭን ቱቦም የማፍሰሻው ቫልቭም በጭቃ ተደፍነው ግፊቱ ውስጥ እንደቀረ ያስተዋለው አንድ አንጋፋ ባለሙያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማፍሰሻው በሽቦ ተወግቶ ክፍት መሆኑ ሳይረጋገጥ ማንም ክዳን እንዲነካ አልፈቅድም።

ሌላው ጥንቃቄ የቱቦ መሸንቆርን ይመለከታል። በሥራ ላይ የዘይቱ ግፊት ከውሃው እንዲበልጥ የሚደረገው፣ ቱቦ ቢሸነቆር ውሃ ወደ ዘይቱ እንዳይገባ ነው። በጽዳት ጊዜ ግን የአየሩ ግፊት ሊበልጥ ስለሚችል፣ ማቀዝቀዣው ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት ዘይቱ ውሃ እንዳልገባበት መመርመር አለበት። በሌላው ወገን የሚያልፈው ነዳጅ ወይም ተቀጣጣይ ጋዝ በሆነባቸው ተቋማት በአየር ፈንታ ናይትሮጅን የሚመረጠውም ለዚሁ ነው፤ ነገር ግን ናይትሮጅን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተለቀቀ ኦክስጅኑን ስለሚተካ፣ ሽታም ስለሌለው፣ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ስቶ ይወድቃል። በአየር ውስጥ 21 በመቶ ገደማ የሆነው ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ሲወርድ እዚያ ቦታ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ መሥራት አይገባም።

ጽዳቱ መሥራቱን ለማወቅ በመግቢያና በመውጫ መካከል ያለውን የውሃ ግፊት ልዩነት በተመሳሳይ የውሃ ፍሰት፣ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ይለኩ። ልዩነቱ ቀንሶ የዘይቱ ሙቀት ካልወረደ፣ የቀረው ስኬል (ከውሃው ወጥቶ በቱቦው ላይ የጠጠረ ማዕድን) ወይም አተላ ነው። የካልሲየም ካርቦኔት ስኬል ውሃው በሞቀ መጠን ይበልጥ ስለሚረጋ ሙቁን የቱቦ ግድግዳ አጥብቆ ይይዛል፤ አየር አያነሣውም። ያን ጊዜ ክዳኑን ፈትቶ በብሩሽ ማጽዳት፣ ወይም ለቱቦው ማዕድን የሚስማማ ኬሚካል መጠቀም ግድ ነው።

ማጽዳቱ በየጊዜው የሚደጋገም ከሆነ ግን ወጪውን ከውሃ ፓምፑ በኋላ ባለው ስትሬነር (ቆሻሻ የሚያስቀር ማጣሪያ) ላይ ያድርጉት። ቀዳዳው ከቱቦዎቹ የውስጥ ስፋት በግልጽ ያነሰ፣ ሁለት ክፍል ያለውና አንዱ ሲጸዳ ሌላው የሚሠራ ስትሬነር ከተገጠመ፣ ፌስታሉና ባጋሱ ማቀዝቀዣው ድረስ አይደርስም።