ጋሼ፣ የትኛው ቁጥር ይሻላል?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ ወጣት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። እዚሁ ፔንሲልቬንያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ስልኩን አውጥቶ ሦስት ጠብመንጃ አሳየኝ። ሦስቱም በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ፣ በባልጩት የሚተኮሱ፣ የጥንቱ ዓይነት ናቸው።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ አጋዘን አደን ልወጣ ነው። ነጥብ 45፣ ነጥብ 50 እና ነጥብ 54 አለ። የትኛው ይሻላል?» አለኝ። ነጥብ የሚባለው የአፈሙዙ ስፋት ነው፣ በኢንች መቶኛ።

«ነጥብ 50 ግዛ» ብዬው ወሬ ቀየርን። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው አብሮኝ ገባ። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። እኔም በጎልማሳነቴ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። መልሱም ተሰጥቶኝ ነበር። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደ እሱ ለምታስቡ ልጆችም ይሁን ብዬ ይኸው ጻፍኩ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ። 31 ዓመት ድልድይ ስፈትሽ ኖሬአለሁ። አደን ያስተማረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በ20 ዓመት ይበልጠኝ ነበር፤ ቀያሽ ነበር፤ የላንካስተር ሰው። ሽማግሌው እለዋለሁ። ከፈረንጆቹ ገና ማግስት የሚከፈተውን የባልጩት ጠብመንጃ ወቅት ያሳየኝ እሱ ነው። ይህ ወቅት ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተጀመረው በ1974 ነው። የዘመኑ ጠብመንጃ ቤት ይቀራል። ጫካው ጭር ይላል። አንድ ተኩስ ብቻ ይዘህ ትገባለህ።

የላንካስተር ሰዎች በዚህ ጠብመንጃ ይኮራሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርመን አገር የመጡ አንጥረኞች ከአገራቸው ያመጡትን አጭርና ሰፊ አፈሙዝ ጠብመንጃ እዚህ አስረዘሙት፤ አፈሙዙንም አጠበቡት። ጫካ ውስጥ ለሚኖር ሰው እርሳስና ባሩድ ውድ ነበር። ጠባብ አፈሙዝ ሁለቱንም ይቆጥባል።

ሽማግሌው ጠብመንጃውን መጀመሪያ ሲያሳየኝ የአያቴ ቤት ትዝ አለኝ። መንዝ ነው። ከምድጃው በላይ ጢስ ያጠቆረው አሮጌ ነፍጥ ተሰቅሎ ነበር። ትልልቆቹ «ቆመህ ጠብቀኝ» ይሉታል። ባሩዱ እስኪፈስ፣ አረሩ እስኪጠቀጠቅ ጠላት ቆሞ ይጠብቅ ማለት ነው። ሲተኮስ አይቼው አላውቅም። አያቴ ግን በየዓመቱ ለመስቀል አውርደው ብረቱን በቅቤ ያሹት ነበር። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው አለፉ።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

ሽማግሌው «ነጥብ 50 ግዛ» አለኝ። እኔ ነጥብ 45 ገዛሁ። ምክንያት ነበረኝ። 45 እና 50 የሚቀራረቡ መሰሉኝ። የፔንሲልቬንያ ሕግ ከነጥብ 44 ጀምሮ ይፈቅዳል። ሕግ ከፈቀደ ምን ጎደለኝ አልኩ። ደግሞም ሒሳብ ሠራሁ። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ለነጥብ 45 የሚሆን 54 ድቡልቡል ጥይት ይወጣል። ለነጥብ 50 ግን 39 ብቻ። ባሩዱም ያንሳል። ወረቀቱን ወስጄ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበው።

«ሒሳቡ ልክ ነው» አለኝ። «እንግዲያው ከ50 እርምጃ በላይ እንዳትተኩስ። ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባሁ።

ታኅሣሥ 29 ቀን 1993 ነው፤ በፈረንጆቹ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። እዚሁ ፔንሲልቬንያ፣ ሚሾ የሚባል ደን ውስጥ ነን። በረዶው ቁርጭምጭሚት አይሞላም፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። ሽማግሌው በሸንተረሩ አናት፣ እኔ በታች ሄድኩ። በእኛ ጾመ ነቢያት ስለነበር ባለቤቴ «ብታገኝም እስከ ገና አንነካውም» ብላኛለች። ደግሞም «ማን ባርኮት ነው የምንበላው?» የሚለው ክርክር ገና አላለቀም ነበር። እኔ ግን ሥጋውን በረዶ ቤት አስቀምጬ በታኅሣሥ 29 በእኛው፣ በልደት ቀን፣ ጥብስ ሲጠበስ ይታየኝ ነበር።

ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ አንዲት እንስት አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጣች። ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ጠዋት ከገባሁ ጀምሮ ያየሁት እሷን ብቻ ነው። እጄ ደንዝዟል። ጀንበር ልትጠልቅ ነው። 50 እርምጃ እንዳልሆነ ዓይኔ ነግሮኛል። ኋላ ስቆጥረው 94 ነበር። ትንሽ ብጠብቅ ወደ እኔ ትመጣ ነበር፤ የምትሄድበት መንገድ ወደ እኔ ነበር። አልጠበቅሁም።

ቃታውን ሳብኩ። ባልጩቱ ብረቱን መታ፤ በጎን ያለችው ባሩድ ብልጭ አለች፤ ከዚያ ዋናው ፈነዳ። በሁለቱ መካከል ዓይን እንደ መጨፈን ያለች ጊዜ አለች። በዚያች ጊዜ ጠብመንጃውን ያልነቀነቀ ሰው ነው የሚመታው። እኔ ግን ነቀነቅሁ። ነጩ ጢስ ፊቴን ሸፈነው። ሲገፈፍ አጋዘኗ የለችም።

ቆማ የነበረችበት ቦታ ሄድኩ። በረዶው ላይ ሦስት ፀጉር አየሁ። ነጭ ናቸው። ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ ምስር የምታህል ደም አለች፤ ጥቁር ያለች። አደን የተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል። የጎን ፀጉር ግራጫ ቡናማ ነው። ነጭ ፀጉር ከሆድ ሥር ነው። ዝቅ ብዬ መትቻታለሁ። ደማቅ፣ አረፋ ያለው ደም ቢሆን ሳንባ ነው፤ ቅርብ ትወድቃለች። የእኔዋ ግን ሩቅ ሄዳ፣ ቀስ ብላ ነው የምትሞተው። ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ አወቅሁ። በጫማዬ በረዶ ገፋ አድርጌ ፀጉሩን ሸፈንኩት።

መኪናው ጋ ስደርስ ሽማግሌው ሻይ ከቴርሞሱ እየቀዳ ነበር።

«ተኩስ ሰማሁ።»

«ሳትኳት። በላይዋ አለፈ።»

«ሄደህ አየህ?»

«አየሁ። ምንም የለም።»

ኩባያውን ሰጠኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ጥሩ ነው። አቁስሎ ከመልቀቅ መሳት ይሻላል» አለኝ። ሻዩን ጠጣሁት። እስከ ዛሬ ጣዕሙን አልረሳውም፤ ስኳር በዝቶበት ነበር።

እውነቱን ብነግረው ኖሮ፣ ባትሪ ነበረው። ብርታት ነበረው። ዱካ በመከተል እንደ እሱ ያለ ሰው አላየሁም። ሌሊቱን ሙሉ ቢሆንም ይከተላት ነበር። እኔ ቃሌን ማፍረሴ እንዳይታወቅ ብዬ ያችን እንስሳ ለሌሊት ሰጠኋት።

ቅዳሜ ብቻዬን ተመለስኩ። ከ300 እርምጃ ብዙም አትርቅም። ጥቅጥቅ ካለ ቁጥቋጦ ሥር ተኝታለች። የኋላዋን ኮዮቴ የሚሉት ቀበሮ መሰል አውሬ በልቶታል። ከአካሏ ሥር ያለው በረዶ ቀልጦ ተመልሶ ረግቷል። ብዙ ሰዓት በሕይወት እንደተኛች የነገረኝ እሱ ነው። ጥይቷን ከቆዳዋ ሥር አገኘኋት። እንደ አዝራር ጠፍጣፋ ሆናለች። ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለች።

ሽማግሌው በሦስተኛው ዓመት አረፈ። ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ልነግረው ሄጄ ስለ ድልድይ አውርተን ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ነጥብ 45ቱን ሸጬ ነጥብ 54 ገዛሁ። ለብዙ ዓመት ጥፋቱ የቁጥሩ ነው ስል ኖርኩ። ፈጽሞ ሐሰትም አይደለም። የነጥብ 45 ጥይት 8 ግራም ከትንሽ ነው። የነጥብ 50 ከ11 ግራም ይበልጣል። በ5 ብቻ ያደገ የሚመስለው ቁጥር ክብደቱን ከሲሶ በላይ ጨመረው። ነጥብ 54 ደግሞ 14 ግራም ተኩል ይደርሳል። ድቡልቡል ጥይት ነፋስ ቶሎ ያደክማታል፤ 100 ያርድ ስትደርስ ከፍጥነቷ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረውን ታጣለች። ፍጥነት ሲሄድ የሚቀራት ክብደቷና የምትከፍተው ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ሰፊ አፈሙዝ ይረዳል። ደም ያፈስሳል፤ ዱካ ይተዋል።

ግን ያን ቀን ነጥብ 54 ይዤ ቢሆንስ? እዚያው ሆዷ ሥር ነበር የምመታት። አንዳንድ ቀን «ትድን ነበር፤ ማለቴ ቶሎ ትወድቅ ነበር» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ያው ነው እላለሁ። በ30 ዓመት አልቆረጥኩም። 94 እርምጃ 94 እርምጃ ነው።

እናንተን ሳይ የምፈራው ይህን ነው። ሁሉን ነገር በቪዲዮ ታያላችሁ። አንዱ በ200 ያርድ ሲመታ አይታችሁ ለመሞከር ትሮጣላችሁ። ያ ሰው የሳታቸውን አያሳያችሁም። በእኛ ጊዜ ሰው ታላቁን ይሰማ ነበር እላለሁ፤ ከዚያ እኔ ራሴ እንዳልሰማሁ ትዝ ይለኛል። ይኸኛው ልጅ ደግሞ ከመግዛቱ በፊት ጠየቀ። እኔ ጠይቄ የራሴን ነው ያደረግሁት።

እንግዲህ መልሴ አሁንም ነጥብ 50 ነው። ለነጭ ጅራቱ አጋዘን በቂ ነው፤ ጥይቱም የሚጠቀለልበት ጨርቅም የትም ይገኛል። ጠና ያለ ትከሻ ያለው ነጥብ 54 ቢይዝ አልቃወምም። ነጥብ 45 ከኢላማ ሌላ አልመክርም፤ ከ50 እርምጃ በታች ብዙ አጋዘን የጣሉበትን ሰዎች ባውቅም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ልጆች የየራሳችሁን የዓመቱን የአደን ደንብ መጽሐፍ አንብቡ። ሜሪላንድ ከነጥብ 40፣ ቨርጂኒያ ከነጥብ 45 ጀምሮ ይፈቅዳሉ። ሕጉ ፈቀደ ማለት ይበቃል ማለት እንዳልሆነ ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

ስትገዙ ከቁጥሩ እኩል የአፈሙዙን ጠመዝማዛ፣ ማለትም ጥይቷን የሚያሽከረክረውን የውስጥ ቅርጽ ጠይቁ። በጨርቅ ለተጠቀለለ ድቡልቡል ጥይት ቀስ ብሎ የሚዞር ነው የሚሻለው፤ በ60 ወይም በ66 ኢንች አንድ ዙር። በ28 ኢንች አንድ ዙር የሚለው ለረጅሙ ጥይት ነው የተሠራው። ለነጥብ 50 ከ70 ግሬን (4 ግራም ተኩል ገደማ) ጥቁር ባሩድ ጀምራችሁ የቱ ላይ ጥይቶቹ እንደሚቀራረቡ ፈትኑ። ጥቁር ባሩድ ያልኩት ጥቁር ባሩድ ነው። ጢስ አልባውን የዘመኑን ባሩድ ያጎረሰ ሰው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። ስለ ጽዳት አልነግራችሁም፤ ሙቅ ውኃና ሳሙና የማያውቅ የለም።

ባለቤቴ ኋላ ተሸነፈች። የደጋ አጋዘን ባይሆንም ይህ የፈረንጅ አገሩ በጥብስ ቅጠልና በቃሪያ ጥሩ ይሆናል ትላለች። በየዓመቱ ለገና ትጠብቀኛለች።

ልጄ፣ ገንዘብህን ለማውጣት አትቸኩል። ነጥብ 50ውም 54ቱም እኔ ቤት አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ና፤ በ50 እርምጃ ሁለቱንም ትሞክራለህ። ከዚያ ሚሾ እንሄዳለን። ያችን ቦታ ላሳይህ እፈልጋለሁ። ቁጥቋጦው ዛሬም አለ።