ማዕቀቡን የሚያነሳው ማነው? በኢራን ስምምነት ዙሪያ ጥያቄና መልስ

ስለ ኢራን የኑክሌር ስምምነት የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ስምምነቱ ኢራን የኑክሌር ሥራዋን እንድትገድብ፣ በምላሹም አሜሪካና ሌሎች ኃያላን ማዕቀባቸውን እንዲያነሱላት ነበር። አብዛኞቹ ግን አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ብቻቸውን ምን ያህል መሄድ ይችላሉ? የምችለውን ልመልስ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሕገ መንግሥታቸው ውል በሴኔት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጽደቅ ይላል። ኦባማ በ2015 ይህን እንዴት አለፉት?

ውል ነው አላሉም። ጁላይ 14 ቪየና ላይ የተደረሰበት ሰነድ ፊርማ እንኳ የለበትም። የፖለቲካ ቃል ኪዳን ነው ተባለ። ውል ቢሆን ኖሮ፣ 100ው ሴናተሮች በሙሉ ከተገኙ 67 ድጋፍ ማግኘት ነበረባቸው። ያን ያህል ድጋፍ ደግሞ አልነበራቸውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኮንግረሱ ዝም ብሎ አየ?

አላየም። ሴናተር ቦብ ኮርከር ያመነጩት የግምገማ ሕግ ስምምነቱ ከመደረሱ በፊት ወጥቶ ነበር። በሴኔት 98 ለ 1፣ በተወካዮች ምክር ቤት 400 ለ 25 አለፈ። ኦባማም ሜይ 22 ፈረሙት።

ሕጉ የሚለው ይህን ነው። ስምምነት ከተደረሰ በ5 ቀን ውስጥ ሰነዱ ከነአባሪዎቹ ለኮንግረስ ይቅረብ። ኮንግረሱ 30 ቀን ይመርምረው። ከጁላይ 10 እስከ ሴፕቴምበር 7 ባለው ጊዜ ከቀረበ ግን ምርመራው 60 ቀን ይሁን። እስከዚያ ፕሬዚዳንቱ በሕግ የተጣለ ማዕቀብ እንዳይነኩ። ሰነዱ የቀረበው ጁላይ 19 ስለነበር 60 ቀኑ ተቆጠረ።

እኔን የሚቆረቁረኝ ግን የድምፁ ስሌት ነው። ውል ቢሆን ኖሮ 67 ሰው ፍለጋ ደጅ የሚጠኑት ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። በዚህ ሕግ ደጅ የሚጠናው ተቃዋሚው ሆነ። ስምምነቱን የሚያወግዝ ውሳኔ ቢያልፍ እንኳ ፕሬዚዳንቱ ይሽሩታል። ሽረቱን ለመቀልበስ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኦባማ 34 ሴናተር ከያዙ በቂያቸው ነው። ሴፕቴምበር 2 ቀን ባርባራ ሚኩልስኪ እደግፋለሁ ሲሉ 34 ሞላ።

ነገሩ እዚያ ድረስም አልሄደም። ሴፕቴምበር 10 ቀን ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። የተገኘው 58 ነው። ሁለት ጎደለ። ከኦባማ ፓርቲ አራቱ፣ ቻክ ሹመርና ቤን ካርዲን ጭምር፣ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆመው ነበር። አብዛኛው ሴኔት እየተቃወመ ስምምነቱ ሥራ ላይ ዋለ። ስምምነቱን በግሌ እደግፈው ነበር፤ ይህ አካሄድ ግን እንደጎዳው አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ማዕቀቡን ያወጣው ኮንግረስ ነው። ፕሬዚዳንቱ እንዴት ያነሱታል?

አይሰርዙትም፣ ለጊዜው ያስቆሙታል እንጂ። በማዕቀብ ሕጎቹ ውስጥ ለብሔራዊ ጥቅም ሲባል ፕሬዚዳንቱ አፈጻጸሙን ሊያቆዩ ይችላሉ የሚሉ አንቀጾች አሉ። አንዳንዱ ለ120 ቀን፣ ሌላው ለ180 ቀን ነው የሚሠራው። ጊዜው ሲያልቅ እንደገና መፈረም ነው። ሕጉ ራሱ ከቦታው አይነቃነቅም። እንዲያውም በዲሴምበር 2016 ሴኔት ዋናውን የኢራን ማዕቀብ ሕግ በ99 ለ 0 ድምፅ ለ10 ዓመት አራዘመው።

ትራምፕም በጃንዋሪ 2018 ፈርመዋል። ሜይ 8 ቀን ግን በቃኝ አሉ፤ ማዕቀቡም ተመለሰ። ለመውጣት የማንም ድምፅ አላስፈለጋቸውም። በአንድ ሰው ፊርማ የቆመ ነገር በአንድ ሰው ፊርማ ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ኮንግረሱ የማዕቀቡን መነሳት በራሱ ድምፅ ብቻ ለምን አያግድም?

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 ይህን ዓይነቱን መንገድ ዘግቶታል። እገዳው ሕግ ሆኖ በፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ማለፍ አለበት። ተቃራኒውን ግን ማድረግ ይችላል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በተራ አብላጫ ካላጸደቁ ማዕቀቡ አይነሳም የሚል ሕግ ማውጣት። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። የደገፈ ሰው ስሙ ተመዝግቦ ይደግፍ።

ጥያቄ፦ በ2021 ከኢትዮጵያ ጦርነት ጋር በተያያዘ የወጣውስ ማዕቀብ?

እህቴ፣ እሱ ሌላ ነው። ሴፕቴምበር 17 ቀን ባይደን በትእዛዝ ያወጡት ነው። በፕሬዚዳንት ትእዛዝ የመጣ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሊነሳ ይችላል። አጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደው፣ ደግሞ የኮንግረስ ሕግ ነው፤ የትኛው አገር ይጠቀም የሚለውን የሚወስኑት ግን ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የወጣችው በዚያ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ የኢራን ፓርላማስ እጁ የለበትም?

አለበት እንጂ! በዲሴምበር 2020 መጅሊሱ የገዛ መንግሥቱን እጅ የሚያስር ሕግ አወጣ። ለኑክሌር ሥራ የሚውለው ዩራኒየም እስከ 20 በመቶ ይበልጸግ፣ ማዕቀቡ ካልተነሳም የዓለም አቀፍ የኑክሌር ተቆጣጣሪዎቹ ሥራ ይገደብ አለ። በስምምነቱ ጣሪያው 3.67 በመቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ሮሃኒ ለዲፕሎማሲው ይጎዳል ብለው ተቃውመውት ነበር። የሰማቸው የለም። ባይደን ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ሁለት ሳምንት ግድም ሲቀራቸው፣ ተራራ ሥር በተቆፈረው የፎርዶ የኑክሌር ጣቢያ 20 በመቶ ማበልጸግ ተጀመረ።