ስፔንስ በክራውፎርድ ለምን እንዲያ ተሸነፈ?

ወንድሜ፣ ስለ ቦክሰኞቹ ኤሮል ስፔንስና ቴረንስ ክራውፎርድ ግጥሚያ «ስፔንስ ያን ቀን ደህና ስላልነበር ነው እንጂ እንዲያ አይሸነፍም ነበር የሚሉት እውነት ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አልስማማም።

ሐምሌ 2015 ነበር። ኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ስር ባለች ሻይ ቤት ተሰብስበን የግጥሚያውን ድጋሚ ስርጭት አየን። ውጪው ዝናብና ጭቃ ነው። አብዛኛው ሰው የስፔንስ ደጋፊ ነበር። 2ኛው ዙር ላይ ሲወድቅ «አዳልጦት ነው» አሉ። 7ኛው ላይ ሁለቴ ሲወድቅ ቤቱ ጭጭ አለ። 9ኛው ላይ ዳኛው ግጥሚያውን ሲያስቆም አጠገቤ የነበረው ልጅ እንባው መጣ። አንጀቴን በላኝ። ከዚያ ሰበቡ ጀመረ፤ በ2012 የደረሰበት የመኪና አደጋ፣ የዓይኑ ቀዶ ጥገና፣ ኪሎ መቀነሱ።

እነዚህ ነገሮች ምንም አልጎዱትም አልልህም። ከአንድ ዓመት በላይም ሳይጋጠም ቆይቶ ነው የመጣው። ግን ከአደጋው በኋላ ኩባዊውን ቦክሰኛ ኡጋስን ያሸነፈው ይኸው ስፔንስ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስም ሽንፈት አያውቅም ነበር።

ዋናው ነገር የክራውፎርድ ቀኝ እጅ ነው። በግራኝ አቋም፣ ማለትም ቀኝ እጁን ከፊት አድርጎ ቆሞ፣ በጃብ (ከፊት ባለው እጅ በሚሰነዘር ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ) መንገዱን ዘጋበት። ስፔንስ ወደፊት በገፋ ቁጥር መልሱ ቀድሞ ይጠብቀዋል። ነጥብ የሚሰጡት ሦስቱም ዳኞች ከ8 ዙር በኋላ 79 ለ 70 ለክራውፎርድ ነው የሰጡት። ስፔንስ ራሱ የዚያን ምሽት የተሻለው ክራውፎርድ እንደነበር አምኗል። ለእኔ ይሄ ትልቅነት ነው።

እስቲ 7ኛውን ዙር ደግመህ እየው። ስፔንስ ሊመታ ሲገባ የክራውፎርድን ቀኝ እጅ ብቻ ተከተል።